ያጸዳሁት ገንዳ ዓሣዎቼን ለምን ገደለ?

ጥያቄ፦ ለልጆቼ ብዬ 60 ሊትር የሚይዝ የመስታወት ገንዳና አምስት ወርቃማ ዓሣዎች በአንድ ቀን ገዛሁ። በአራተኛው ቀን ውኃው የሩዝ እጣቢ መስሎ ሲደፈርስ ዓሣዎቹን ወደ ባልዲ አዛውሬ ገንዳውን፣ ጠጠሩንና የማጣሪያውን ስፖንጅ በቧንቧ ውኃ አጥቤ እንደገና ሞላሁት፤ በሳምንቱም ደገምኩት። ሆኖም ሁለቱ ሞቱ፤ የቀሩት ሦስቱ ደግሞ አፋቸውን ከውኃው ገጽ ላይ አውጥተው አየር ይጎርሳሉ። ጥፋቴ ምንድን ነው? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ጠያቂያችን፣ ዓሣዎችዎን የጎዳቸው ማጠብዎ ነው። ዓሣ በተለይ በስንጥቡ በኩል አሞኒያ የተባለ መርዝ ያስወጣል፤ ሳይበላ የቀረ ምግብም ሲበሰብስ ይህንኑ ይጨምራል። አንድ ዓይነት ባክቴሪያዎች አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ሌሎች ደግሞ ናይትራይቱን ብዙም ወደማይጎዳው ናይትሬት ይለውጡታል። እነዚህ ባክቴሪያዎች በብዛት የሚኖሩት ስፖንጁና ጠጠሩ ላይ ተጣብቀው ሲሆን፣ በበቂ ሁኔታ እስኪራቡ ድረስ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት፣ እንደ አዲስ አበባ ባለ ቀዝቃዛ ቤት ደግሞ ከዚያም በላይ ይፈጃሉ። ስፖንጁ ለገንዳው እንደ እርሾ ነው፤ እርስዎ ሁለት ጊዜ እርሾውን አጥበው ደፉት፣ የቧንቧው ክሎሪንም የተረፈውን ገደለ፣ የዓሣዎቹንም ስንጥብ ለበለበ። ያስደነገጠዎት ድፍርስ በአብዛኛው በአዲስ ገንዳ ላይ የሚታይና በጥቂት ቀናት ውስጥ በራሱ የሚጠራ ነበር።

አሁን በየቀኑ 15 ሊትር ያህል ውኃ እየቀዱ፣ ክዳን በሌለው ባልዲ 24 ሰዓት ባደረና ክሎሪኑ በተነነ፣ ሙቀቱም ከገንዳው በማይለይ ውኃ ይተኩ። ምግቡን በሁለት ቀን አንድ ጊዜ፣ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ተበልቶ በሚያልቅ መጠን ብቻ ይስጡ፤ ልጆቹ ይህን እንደማይወዱት እናውቃለን፣ ነገር ግን ወርቃማ ዓሣ በዚህ አይራብም። ከተቻለ በጠብታ የሚሠራ የውኃ መመርመሪያ ይግዙ፤ አሞኒያው ወይም ናይትራይቱ በሊትር 0.5 ሚሊ ግራም ካለፈ የሚተኩትን ውኃ እስከ ግማሽ ያድርሱት።

አየር መጎረሳቸው በቀላሉ የሚታለፍ ምልክት አይደለም። ናይትራይት ደማቸው ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርገዋል፤ በዚያ ላይ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ በሆነች ከተማ፣ ውኃ የሚይዘው ኦክስጅን በእኩል ሙቀት ባሕር ዳርቻ ላይ ከሚይዘው በሩብ ገደማ ያንሳል። ስለዚህ የአየር መንፊያው ሌሊትም አይጥፋ። በሊትር 1 ግራም ገደማ የገበታ ጨው አስቀድሞ በውኃ ተሟሙቶ ቀስ በቀስ ቢጨመር ናይትራይቱ በስንጥባቸው እንዳይገባ ያግዛል። መብራት ሲጠፋ ስፖንጁን ከተዘጋው ማጣሪያ አውጥተው ገንዳው ውስጥ ይተዉት፤ በተዘጋ ዕቃ ውስጥ ባክቴሪያዎቹም ይታፈናሉ።

ስፖንጁን ለአንድ ወር አይንኩት። ፍሰቱን እስኪያግድ ከቆሸሸ ብቻ፣ ከገንዳው በቀዱት ውኃ ውስጥ አንድ ሁለቴ ጨመቅ አድርገው ይመልሱት። ጤናማ ዓሣ ያለው የቆየ ገንዳ ያለው ወዳጅ ካለዎት ደግሞ ከእርሱ ስፖንጅ ጥቂት ቆርጠው፣ ሳይደርቅ አምጥተው ማጣሪያዎ ውስጥ ቢጨምሩት ጊዜው በእጅጉ ያጥራል። የሞቱትን ሁለቱን ግን አይተኩ፤ ወርቃማ ዓሣ ሲያድግ ከአንድ ስንዝር ስለሚያልፍ፣ 60 ሊትር ለሦስቱም ቢሆን ከጊዜ በኋላ ይጠባቸዋል።