ቴስተሩ 6 ቮልት እያሳየ ስልኩ ለምን አይሞላም?

ጥያቄ፦ የምድጃዬ የጭስ ማውጫ ቧንቧ ላይ አራት የፔልቲየር ሞጁሎች (አንድ ፊታቸው ሲሞቅ ሌላው ሲቀዘቅዝ ኤሌክትሪክ የሚያመነጩ ጠፍጣፋ ሰሌዳዎች) በተከታታይ አገናኝቼ ገጠምኩ። በሌላው ፊታቸው ክንፋም አልሙኒየም አለ። እሳቱ እንደተቀጣጠለ ቴስተሩ 6 ቮልት ያሳያል፤ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ግን ወደ 2 ይወርዳል። ስልክ ስሰካበት ጭራሽ ምንም የለም። ጣሪያ ላይ 150 ሊትር የሚይዝ የፀሐይ ውሃ ማሞቂያም አለኝ። ሞጁል ብጨምር ከሁለቱ ሙቀት የቤቴን መብራት ማግኘት እችላለሁ?

መልስ፦ ሞጁሎቹ አልተበላሹም፤ ቢያንስ እስካሁን። እሳትዎ ይበቃል። የጎደለው ቀዝቃዛ ፊት ነው።

ሞጁል የሚያመነጨው በሁለቱ ፊቶቹ መካከል ባለው የሙቀት ልዩነት ልክ ነው። ይህን በ1821 ያስተዋለው የፊዚክስ ተመራማሪው ዜቤክ ነው። የሚገርመው፣ እሱ ያገኘው ማግኔት መስሎት ነበር። የእርስዎ ሞጁል ላይ 12706 የሚል ተጽፎ ከሆነ፣ 127 ውስጡ ያሉት የሴሚኮንዳክተር ጥንዶች ብዛት ነው፤ 06 ደግሞ የሚችለው አምፔር። እንዲህ ያለው ሞጁል ለአንድ ዲግሪ ልዩነት 0.05 ቮልት ገደማ ይሰጣል። አራቱ አንድ ላይ 6 ቮልት ሰጡ ማለት በእያንዳንዱ ፊትና ጀርባ መካከል 30 ዲግሪ ያህል ልዩነት ነበር ማለት ነው። ወደ 2 ቮልት ሲወርድ የቀረው 10 ዲግሪ ብቻ ነው። አልሙኒየሙ ሙቀቱን ወደ አየር መልቀቅ አቅቶት እሱም ጋለ። ማረጋገጥ ከፈለጉ ክንፎቹ ላይ እርጥብ ጨርቅ ጣል አድርገው ቴስተሩን ይዩ። ቮልቱ ወዲያው ሽቅብ ይወጣል።

አሁን ወደ ስልኩ። ቴስተር ጅረት አይስብም ለማለት ይቻላል። ስለዚህ ያሳየዎት ምንም ዕቃ ሳይነዳ ያለውን ቮልት ነው። እያንዳንዱ ሞጁል 2 ኦም ገደማ የውስጥ ተቃውሞ አለው፤ አራቱ 8 ኦም ይሆናሉ። ከፍተኛውን ኃይል የሚሰጡት የሚነዱት ዕቃም 8 ኦም ሲሆን ነው፤ ያኔ ቮልቱ በግማሽ ይወርዳል። 6 ቮልቱ 3 ይሆናል፣ ኃይሉም 1 ዋት ብቻ። በ2 ቮልት ጊዜ ደግሞ ከዚያ ወደ ዘጠነኛ እጅ ይወርዳል፤ ምክንያቱም ኃይሉ የሚቀንሰው በቮልቱ ካሬ ነው። ስልክ ቢያንስ 2.5 ዋት በ5 ቮልት ይፈልጋል። ታዲያ በምን ይሙላ?

ደግነቱ፣ ካሬው ወደ ላይም ይሠራል። ልዩነቱን 60 ዲግሪ ካደረሱት አራቱ ሞጁሎች 4 ዋት ያህል ይሰጣሉ። እዚህ የሚደርሱት በአየር ሳይሆን በውሃ ነው። ክንፋሙን አልሙኒየም አንስተው ውስጡ ውሃ የሚያልፍበት የአልሙኒየም ብሎክ ይግጠሙ። የሚያልፍበትም ወደ ፀሐይ ማሞቂያዎ የሚገባው ቀዝቃዛ ውሃ ይሁን። ሞጁሉን አልፎ የሚመጣው ሙቀት ከሞላ ጎደል ሁሉም ውሃው ውስጥ ይቀራል፤ ታንከሩ ለብ ያለ ውሃ ይቀበላል፤ የሚባክን ነገር የለም። ግን ይጠንቀቁ፦ ውሃ የሚፈሰው በተጠቀሙበት ሰዓት ብቻ ስለሆነ ትንሽ ፓምፕ ያስፈልግዎ ይሆናል፤ እሱም ከ4 ዋቱ ይበላል። መስመሩን ግፊት የሚያስተነፍስ ቫልቭ ሳይኖረው በሁለት በኩል አይዝጉት። ውሃው ቢፈላ ይፈነዳል።

አገጣጠሙም ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ቧንቧው ክብ፣ ሞጁሉ ጠፍጣፋ ነው፤ መሃል ላይ አንድ ፊቱ ለቧንቧው የተቀረጸ፣ ሌላው ለጥ ያለ የብረት ወይም የአልሙኒየም ጡብ ያስፈልጋል። የሙቀት ቅባቱን ስስ አድርገው ይቀቡ፤ ወፍራም ቅባት ራሱ መከላከያ ነው። ብሎኖቹን በየተራ ጥቂት ጥቂት ያጥብቁ። አንዱን ጥርቅም አድርገው ሌላውን ከተዉት ሴራሚኩ ይሰነጠቃል። ደግሞ እንደ 12706 ያሉ ለማቀዝቀዣ የተሠሩ ሞጁሎች ብየዳ ብዙውን ጊዜ 138 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል። የጭስ ማውጫ ቧንቧ ከዚያ በላይ ይሞቃል። ለቧንቧ የሚሆነው ለማመንጫ ተብሎ የተሠራው፣ 200 ዲግሪና ከዚያ በላይ የሚችለው ነው። ጭሱንም ከመጠን በላይ አያቀዝቅዙት። ስቦ መውጣቱ ከደከመ ቤት ውስጥ የሚቀረው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው፤ ሽታ የለውም፣ ይገድላል።

የፀሐይ ታንከሩ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ እሱ ላይ ሞጁል ባይለጥፉ ይሻላል። 150 ሊትር ውሃ ከ60 ወደ 20 ዲግሪ ሲወርድ 7 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ሙቀት ይለቃል። ብዙ ይመስላል። ነገር ግን በእነዚህ ሁለት ሙቀቶች መካከል የትኛውም ማሽን ከ12 በመቶ በላይ ማውጣት አይችልም፤ የተፈጥሮ ሕግ ነው። የእርስዎ ዓይነት ሞጁል ደግሞ በዚህ ልዩነት ቢበዛ ወደ 1 በመቶ ነው። ከ7 ኪሎዋት ሰዓት 70 ዋት ሰዓት ያገኛሉ ማለት ነው፤ ባለ 10 ዋት አምፖል ለ7 ሰዓት። ያውም ሻወርዎ ቀዝቅዞ! 1 ካሬ ሜትር ሶላር ፓነል በጠራራ ፀሐይ ያንኑ በ20 ደቂቃ ግድም ያመጣልዎታል። በፀሐይ ሙቀት የሚሠሩ ትልልቅ ጣቢያዎች የሚያዋጣቸው ሙቀቱን በመስታወት ሰብስበው ወደ 400 ዲግሪ፣ አንዳንዶቹም ወደ 565 ስለሚያደርሱት ነው። ያንን ቤት ውስጥ ልሞክር ቢሉኝ አልስማማም። በትኩረት የተሰበሰበ ፀሐይ ዓይን ያጠፋል፣ እሳትም ያስነሳል።

የስተርሊንግ ሞተር (የታሸገ ጋዝ እየሞቀና እየቀዘቀዘ የሚያሽከረክረው ሞተር) እንዴት ነው ካሉ፣ ይሠራል፤ ጥሩ ማሽንም ነው። ግን ለቤት በሚሆን መጠን ከገዙት ውድ ነው፣ ከሠሩት ደግሞ ጋዙ እንዳይሾልክ የሚደፍኑት ሲሎች ያስለቅስዎታል።

ስለዚህ እኔ ብሆን እንዲህ አደርጋለሁ። የታንከሩን ውሃ ለሻወርና ለዕቃ ማጠቢያ እጠቀማለሁ። በኤሌክትሪክ ቦይለር ቢያሞቁት ኖሮ ያ 7 ኪሎዋት ሰዓት ከቆጣሪዎ ላይ ይቆጠር ነበር፤ ያልወጣ ኤሌክትሪክ እንደመነጨ ነው። ለመብራቱ ሶላር ፓነልና ባትሪ። የምድጃውን 4 ዋት ደግሞ ማታ ፀሐይ በሌለችበት ሰዓት ለስልክ ወይም ለአንዲት ኤልኢዲ። ቮልቱን ከፍም ዝቅም አድርጎ 5 ላይ የሚያጸና ኮንቨርተር መሃል ላይ ያስገቡ፤ ከሱ ፓወር ባንክ ይሙሉ፣ ስልኩን ከፓወር ባንኩ። እሳቱ ሲጠፋ ፓወር ባንኩ ወደ ኋላ እንዳይፈስስ ከሞጁሎቹ ወደ ኮንቨርተሩ በሚገባው ሽቦ ላይ አንድ የሾትኪ ዳዮድ (ጅረትን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ክፍል) ይግጠሙ።