ጥቅምት የሚያቦካው ዳቦ

ለደሴና ለኮምቦልቻ ወጣቶች፤

መስከረም 26 መፀው ሲገባ ዝናቡ ይሸኛል፤ ጥቅምት ላይ ደግሞ ብርዱ ይመጣል። ደሴ ውስጥ ፀሐይዋ ገና በጊዜ ከጦሳ ተራራ ጀርባ ትገባለች፣ ብርዱም እግር በእግር ተከትሎ ቤት ውስጥ ዘው ይላል። ሰዉ «በጥቅምት አንድ አጥንት» ይላል። ሥጋው ከተወደደ ወዲህ አጥንቱ ለሁሉም አይደርስም፤ ድፎ ዳቦ ግን በአንድ ኪሎ ዱቄት ቤቱን ሁሉ ያሞቃል። ስለዚህ የምጽፍላችሁ ስለ ዳቦው ነው።

አብዛኞቻችሁ መጋገር የምትማሩት ከስልክ ነው፤ ነውር የለውም። ችግሩ የምታዩት ሰው ኩሽና ሞቃት መሆኑ ነው፣ ከተማውም ብዙ ጊዜ ለባሕር ጠለል የቀረበ ነው። እናንተ ደሴ ላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናችሁ። የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ኮምቦልቻ የደረሰ ሰው ደግሞ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ነው። በመኪና አንድ ሰዓት የማይፈጅ መንገድ ነው፤ ለሊጥ ግን ሁለቱ የተለያየ አገር ናቸው። ኮምቦልቻ ያለች እህት «አንድ ሰዓት ይበቃዋል» ብላ የላከችው አሠራር ደሴ ላይ ድንጋይ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከፍታ ላይ አየሩ ሳሳ ያለ ስለሆነ እርሾው የሚያወጣውን ጋዝ የሚጫነው ያንሳል፤ ቶሎ ይነፋል። ስለዚህ ከፍታው ሊጡን ያፈጥነዋል። ብርዱ ደግሞ እርሾውን ያደነዝዘዋል፣ ሊጡን ያዘገየዋል። ደሴ ላይ ሁለቱ በአንድ ቡሃቃ ውስጥ ይጣላሉ። ብዙ ሰው የሚያየው ብርዱን ብቻ ነው፤ ሊጡ አልነሣ ሲለው እርሾ ይጨምራል፣ ከዚያ ቡሃቃውን ምድጃ ሥር ያስጠጋዋል። ሊጡ አንዴ ሲሞቅ ያን ሁሉ እርሾ ይዞ ይገነፍላል፤ ምጣድ ላይ ሲደርስ ይተነፍስና ጠፍጣፋ፣ እርሾ እርሾ የሚሸት ዳቦ ይወጣል። ከዚያ «ዱቄቱ ነው» ይባላል። ዱቄቱ ምን አደረገ!

መፍትሔው ብርዱን መታገል ሳይሆን ማሠራት ነው። የጥቅምት ሌሊት ደሴ ላይ ያለ ኪራይ የተሰጣችሁ ማቀዝቀዣ ነው። ማታ 1 ሰዓት ላይ አቡክታችሁ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ብታነሡት ሊጡ በዝግታ አድሮ ጣዕም ይዞ ይጠብቃችኋል።

ለአንድ ድፎ 700 ግራም የፉርኖ ዱቄትና 300 ግራም ወፍጮ ቤት የተፈጨ የስንዴ ዱቄት ያዙ። ከወፍጮ የመጣው ትኩስ ከሆነ ዘርግታችሁ አቀዝቅዙት፣ ከዚያ ንፉት። በሱ ላይ 20 ግራም ጨው፣ 2 የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ 50 ሚሊ ሊትር ዘይት፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ጥቁር አዝሙድ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ የተወቀጠ ድንብላል። ደረቅ እርሾ 3 ግራም ብቻ፤ ይህ ሳይከመር ልክ አንድ የሻይ ማንኪያ ነው። አነሰ ብላችሁ አትደንግጡ፣ ሌሊቱ ረጅም ነው። ኮምቦልቻ ያላችሁ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ይበቃችኋል፤ ውሃውንም፣ እርሾውን ከምትፈትኑበት በቀር፣ ሳታሞቁ ከእንስራው እንደወጣ ተጠቀሙበት። ሞቅ ያለ ምሽት ከሆነ የምታቦኩትን ወደ ማታ 3 ሰዓት አዘግዩት።

ወተትና እንቁላል እንዳላስገባሁበት አይታችኋል። አስቤበት ነው። ረቡዕና ዓርብ ጾም ነው፣ ከኅዳር 15 ጀምሮ ደግሞ የነቢያት ጾም ይገባል። ወሎ ውስጥ ቡና ብቻውን የሚጠጣ ቤት የለም፤ የጎረቤቱ ሰው ሁሉ እጁን ሳይሰበስብ የሚቆርሰው ዳቦ በዘይት የተጋገረው ነው።

እርሾው መሞት አለመሞቱን ሳታውቁ ሌሊቱን ሙሉ አትጠብቁት። ከውሃው 100 ሚሊ ሊትር ቀንሳችሁ ለብ አድርጉት፤ ክርናችሁ ላይ ጠብ ስታደርጉት ሙቀትም ቅዝቃዜም የማይሰማችሁ ከሆነ ልክ ነው። ከስኳሩ ቆንጥራችሁ ከእርሾው ጋር በጥብጡት። በ10 ደቂቃ አረፋ ካላወጣ ጣሉት፣ ሌላ ፓኬት ክፈቱ። ጣት የሚያቃጥል ውሃ እርሾን ይገድላል፤ ብዙ ዳቦ የሚበላሸው ገና እዚህ ላይ ነው።

ጠቅላላ ውሃው 620 ሚሊ ሊትር ነው፤ ሌላ 50 ሚሊ ሊትር አጠገባችሁ አስቀምጡ። መፀው አየሩ ደረቅ ነው፣ ዱቄቱም አብሮት ይደርቃል፤ የወፍጮው ዱቄት ገለባ ስላለው ደግሞ ውሃ ቀስ ብሎ ይጠጣል። ዱቄቱንና ውሃውን ካዋሐዳችሁ በኋላ 20 ደቂቃ ሸፍናችሁ ተዉት። ያኔ ደረቅ መስሎ ከታያችሁ ከቀረው ውሃ ጠብ እያደረጋችሁ እሹት። ገና ሲነካካ «እጄ ላይ ተጣበቀ» ብላችሁ ዱቄት አትነስንሱ። እጃችሁን ዘይት ቀቡትና ቀጥሉ። ከ12 እስከ 15 ደቂቃ ማሸት ይፈልጋል። መድረሱን የምታውቁት ትንሽ ሊጥ ቆንጥራችሁ በጣቶቻችሁ ስትዘረጉት ነው፤ ሳይቀደድ ብርሃን ካሳለፈ በቃው። ከተቀደደ ገና ነው። ክንዳችሁ ከደከመ 10 ደቂቃ አሳርፋችሁ ተመለሱበት፤ ሊጥ አርፎም ይለሰልሳል።

ከዚያ ዘይት የተቀባ ቡሃቃ ውስጥ አድርጉት፣ ፊቱን ዘይት ቀቡት፣ ክዳን ግጠሙበት። ክዳን ከሌለ እርጥብ ጨርቅ ይሁን፤ በላዩ ላይ ላስቲክ ካልደረባችሁበት ግን በዚህ ደረቅ አየር ጨርቁ ሌሊቱን ይደርቅና ሊጡ ቆዳ ያወጣል። ያ ቆዳ ነው በኋላ ዳቦውን በጎኑ የሚሰነጥቀው።

ጠዋት እጥፍ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ሰዓቱን ሳይሆን ሊጡን እመኑ። ጣታችሁን ዱቄት ነክታችሁ ተጫኑት፤ ጉድጓዱ ፈጥኖ ከሞላ ገና ነው፣ በዝግታ ግማሽ ያህሉ ከተመለሰ ደርሷል፣ ጭራሽ ካልተመለሰና ፊቱ ከተጨማደደ አልፎበታል። ያለፈበትን አትጣሉት። እንደገና አሽታችሁ ቅርጽ ስጡት፣ በአጭሩ ኩፍ እንዲል ተዉትና ጋግሩት። ስኳሩን እርሾው ስለጨረሰው ቅርፊቱ ይነጣል እንጂ ይበላል።

አሁን ቅጠሉ። ኮባ ካገኛችሁ ደስ ይላል፤ ካጣችሁ የሙዝ ቅጠል ይሠራል። መሐሉ ላይ ያለውን ወፍራም አከርካሪ በቢላ ላጡት፣ እጠቡትና እሳት ላይ ቶሎ ቶሎ አሳልፉት። ቀለሙ ደመቅ ብሎ ሲለሰልስ በቃው። ሳይለበለብ የቀረ ቅጠል ስታጥፉት ይሰነጠቃል፣ ሊጡም በስንጥቁ ወጥቶ ምጣድ ላይ ያራል። ሊጡን 35 ሳንቲ ሜትር ስፋት ባለው ክብ ዘርግታችሁ ቅጠሉ ላይ አስቀምጡት፤ በላዩም ቅጠል አልብሱት። ደሴ ላይ ሊጡ ሌሊቱን ስለቀዘቀዘ ለሁለተኛው ኩፍታ አንድ ሰዓት ተኩል ወይም ሁለት ሰዓት ይፈልጋል፤ ኮምቦልቻ ላይ ከ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት። ማፍጠን ካማራችሁ የፈላ ውሃ የያዘ ድስት አብራችሁ ካርቶን ውስጥ ክተቱት። ሌላው አማራጭ የመስኮት ፀሐይ ነው፤ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ በመስኮት የምትገባዋን ጮራ ሊጡም እናንተም ብትካፈሏት ማንም አይቀየማችሁም። እዚህ ላይ ግን እጥፍ እስኪሆን አትጠብቁ። ከፍታው ምጣድ ላይ ቀሪውን ይነፋዋል፤ አንድ ጊዜ ተኩል ያህል ሲሆን አስገቡት።

የኤሌክትሪክ ምጣድ እሳቱ ከሥር ብቻ ነው፤ ስለዚህ ድፎው ከ4 ሳንቲ ሜትር በላይ አይወፍር። ሙቀቱን በዱቄት ፈትኑት። ቁንጥር ዱቄት ምጣዱ ላይ በትኑ፤ ወዲያው ከጠቆረ አቀዝቅዙት፣ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ቀስ ብሎ ቢጫ ካለ ልክ ነው። አክንባሎውን ግጠሙበት፣ 25 ደቂቃ አብስሉት፣ በሰፌድ ገልብጣችሁ ሌላ 20 ደቂቃ። መብራት መሐል ላይ ቢጠፋ አክንባሎውን እንዳትከፍቱት፤ ሸክላው የያዘው ሙቀት ዳቦውን ሩብ ሰዓት ያህል ይጠብቀዋል። ከላይና ከታች በፍም የምትጋግሩ ከሆነ ከላይ ያለው ፍም ከታችኛው ይብለጥ፤ የታችኛውን አመድ አልብሱት። ሰው የሚሳሳተው ተቃራኒውን እያደረገ ነው፤ ሥሩ ያራል፣ ልቡ ሊጥ ይቀራል።

ከሰል ካነሣን አንድ ነገር። ብርዱ ሲጠና በርና መስኮት ዘግቶ የከሰል ማንደጃውን መኝታ ክፍል ማስገባት የተለመደ ነው። አታድርጉት። ከፍሙ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፣ ጭሱ ካለቀ በኋላም ይወጣል፣ ሰውን በእንቅልፉ ይወስዳል። እሳቱ ክፍት ቦታ ላይ ይሁን፤ እናንተ ነጠላም ሆነ ጋቢ ደርቡ።

ፉርን (ኦቨን) ያላችሁ በ200 ዲግሪ 15 ደቂቃ፣ ከዚያ በ180 ዲግሪ ግማሽ ሰዓት ያህል። የዳቦ ቴርሞ ሜትር የገዛችሁም ትኖራላችሁ፤ እዚህ ላይ ለባሕር ጠለል ከቀረበ አገር የመጣው ቁጥር ያታልላችኋል። ውሃ ደሴ ላይ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ኮምቦልቻ ላይ 94 ገደማ። «የዳቦው ልብ 96 ሲሞላ አውጡ» የሚለውን ከጠበቃችሁ 96 መቼም አይመጣም፤ ዳቦው ግን ብስኩት እስኪሆን ይደርቃል። ደሴ ላይ 89 ወይም 90 ሲል አውጡት። ቴርሞ ሜትር የሌለው ሥሩን በጣቱ ይምታ፤ ባዶ ቅል እንደመምታት ከጮኸ በስሏል።

ኬክ ለመሥራት ለምትቸኩሉ በአጭሩ፦ ቤኪንግ ፓውደሩን በሩብ ቀንሱ። አሠራሩ 4 የሻይ ማንኪያ ካለ 3 ይሁን። ስኳሩንም ጥቂት ቀንሱ፣ ውሃ ወይም ወተት 2 የሾርባ ማንኪያ ጨምሩ። መሐሉ የሚሰምጠው ጋዙ ኬኩ ሳይጸና ቀድሞ ስለሚነፋው ነው።

ወደ ወቅቱ ልመለስ፤ የመፀው ዳቦ ያለ ዱባ አይሟላም። ዱባውን አትቀቅሉት፤ በእንፋሎት አብስሉትና ፍጩት፣ ጨርቅ ውስጥ አድርጋችሁ አንጠፍጥፉት። 300 ግራም የተፈጨ ዱባ ለዚያው አንድ ኪሎ ዱቄት ይበቃል። ከዱባው አብዛኛው ውሃ ስለሆነ በ400 ሚሊ ሊትር ውሃ ጀምሩና እያያችሁ ጨምሩ። በ620 የጀመረ ሰው ዳቦ ሳይሆን አጥሚት ነው የሚያገኘው። ግማሽ የሻይ ማንኪያ ኮረሪማ ይስማማዋል። ቀረፋ የምትወዱ ከአንድ የሻይ ማንኪያ አትለፉ፤ ሲበዛ እርሾውን ያፍነዋል፣ ሊጡም አልነሣ ይላችኋል። ዱባ የገባበት ዳቦ ሦስት ቀን ሳይደርቅ ይቆያል። ፍሬውን አጥባችሁ ጨው ነካ አድርጋችሁ ቁሉት።

ማርም ሰሞኑን ነው የሚቆረጠው። በስኳሩ ምትክ ማር ካደረጋችሁ ቅርፊቱ ቶሎ ስለሚጠቁር እሳቱን ቀንሱ። ኅዳር 12 የምትጋግሩ ካላችሁ መስኮት ዝጉ፤ ከተማው ሲታጠን የቆሻሻው ጭስ ትኩስ ዳቦ ላይ ይቀመጣል።

ዳቦው ሲወጣ በቅጠሉ 10 ደቂቃ ተዉት፤ ከዚያ ልጣችሁ ሰፌድ ላይ አድርጉት፣ ስስ ጨርቅ አልብሱት። ሳህን ላይ ካስቀመጣችሁት እንፋሎቱ መውጫ አጥቶ ሥሩን ያረጥበዋል። ትኩሱን መቁረስ የሚያጓጓ ቢሆንም ልቡ ገና እየበሰለ ነው፤ ቢላው የሚያወጣው ሙጫ ነው። አንድ ሰዓት ከሩብ ይፈልጋል። ይህን ያህል ጊዜ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ለማይችል ሰው ቡና አለ። ዳቦው ሰፌዱ ላይ ሲቀመጥ ቡናውን እጠቡ፣ ቁሉ፣ ጭሱን አዙሩ፣ ውቀጡ፣ ጀበናውን ጣዱ። ለአቦሉ ቆሎ ይበቃል፤ ዳቦው ከቶናው በፊት አይቆረስ።