ድንገት ስለሚከፈት የመኪና በር ለጠየቅሽው

ሰላም እህቴ፣ እንኳን ተረፍሽ። ባለፈው ሳምንት በብስክሌት ስትሄጂ የቆመ መኪና በር ፊትሽ ላይ ተከፍቶ ለጥቂት እንደዳንሽ ጽፈሻል። ከዚያ ወዲህ በየመኪናው ውስጥ ሰው ይኑር አይኑር ስታዪ አንገትሽ ዝሏል። «በሩ ከመከፈቱ በፊት ማወቂያ ዘዴ ያላችሁ ንገሩኝ» ብለሻል። ዘዴስ አለ፣ እነግርሻለሁ። ግን እኔም አራት ዓመት ሙሉ ዓይኔን አምኜ ነው የነዳሁት። ያተረፍኩት የተሰበረ ጣት ነው።

ጠዋት ወደ ሥራ እየሄድኩ ነበር። መንገዱ ደረቅ ነው፣ ፀሐይዋም ከኋላዬ ናት። በቀኜ መኪኖች ተደርድረዋል። ሦስቱን አየሁ፣ ባዶ ናቸው። አራተኛውም ባዶ መሰለኝ። ለካ ሰውየው ጎንበስ ብሎ ከወለሉ ላይ የወደቀ ነገር እየፈለገ ነው። ቀና አለና በሩን ከፈተው። ፍሬን ለመያዝ እንኳ አልደረስኩም። የመሪዬ የቀኝ ጫፍ የበሩን ጠርዝ ነካ፣ መንካት ብቻ። መሪው ወደ በሩ ተጠመዘዘ፣ እኔ ወደ ግራ፣ መሐል አስፋልት ላይ ተወረወርኩ። ትንሿ ጣቴ መሰበሯን ያወቅኩት ቆይቶ ነው። ያኔ የሰማሁት ጆሮዬ ሥር የሚንጫጫ ጎማ ነበር። ከኋላዬ ይመጣ የነበረው ሾፌር ርቀቱን ጠብቆ ባይነዳ ኖሮ ዛሬ መልስ የሚጽፍልሽ ሌላ ሰው ነበር።

ሰውየው ክው ብሎ «አላየሁህም እኮ!» አለኝ። እውነቱን ነው። እኔም አላየሁትም፣ ያውም እያየሁ።

በኋላ ቁጭ ብዬ አሰላሁት። በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ስትነጂ በየሰከንዱ 5 ሜትር ተኩል ትሄጃለሽ። አደጋውን አይተሽ እጅሽ ፍሬን እስኪይዝ አንድ ሰከንድ ያህል ያልፋል። ማለትም ፍሬኑ ገና ሥራ ሳይጀምር አንድ ሙሉ መኪና አልፈሻል። በሩ ደግሞ ለመከፈት ሰከንድም አይፈጅበትም። ስለዚህ ንቁ መሆን ብቻውን አያድንሽም። የሚያድንሽ በሩ ቢከፈትም የማይደርስብሽ ቦታ ላይ መንዳት ነው።

ስንት ይራቅ? የብሪታንያ የመንገድ ደንብ ለብስክሌተኛ የሚመክረው የአንድ በር ስፋት ወይም 1 ሜትር ነው። ይህን ሰምተው ጎማቸውን ከመኪናው 1 ሜትር የሚያርቁ አሉ፣ አይበቃም። የብስክሌት መሪ ወርዱ 60 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ግማሹ ከጎማሽ ወደ መኪናው በኩል ይወጣል። እኔ ጎማዬን ከመኪናው ጎን 1 ሜትር ተኩል አርቄ ነው የምነዳው። እየነዱ በሜትር መለካት ስለማይቻል አንድ ጊዜ እንዲህ አድርጊ፦ የምታውቂውን ሰው መኪና ጸጥ ባለ ቦታ አቁሙና በሩን እስከ ጥግ ክፈቱት። ብስክሌትሽን ይዘሽ፣ መሪሽ በሩን ሳይነካ አጠገቡ ቁሚ። ከዚያ ጎማሽ የት እንዳረፈ ተመልከቺ። አብዛኛው ሰው «ይሄን ያህል?» ብሎ ይደነግጣል።

አዎ፣ ከኋላ ክላክስ ይነፋብሻል። ይንፉ። ክላክስ የሚነፋብሽ ሾፌር አይቶሻል ማለት ነው፣ በሩን የሚከፍተው ግን አላየሽም። ወደ መሐል ስትወጪ አስቀድመሽ ወደ ኋላ ዞር ብለሽ እዪ፣ ከዚያ መስመርሽን አትልቀቂ። በሁለት የቆሙ መኪኖች መሐል ክፍተት ባገኘሽ ቁጥር ገባ ወጣ አትበይ። ስትወጪ ከኋላ ያለው አይጠብቅሽም። በቀለም የተሰመረ የብስክሌት መስመርም ከቆሙት መኪኖች ሥር የሚሄድ ከሆነ አትተማመኚበት። ቀለም በር አያቆምም። የመስመሩን የግራ ጫፍ ይዘሽ ሂጂ።

መንገዱ ጠቦ መራቅ ካልተቻለ ቀስ ብለሽ ንጂ። በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ከሆነ ቢያንስ ፍሬን ለመያዝ ትደርሺያለሽ።

አሁን የጠየቅሽው ምልክት። ጥግ ከያዙት መኪኖች በጣም የምፈራው ገና አሁን የቆመውን ነው። የፍሬን መብራቱ ከጠፋ ወይም የፊት ጎማው ገና ወደ ጥጉ ከተጣመመ፣ ሰው ሊወርድ ነው ብለሽ ቁጠሪ። በስፖኪዮው ውስጥ ፊት ወይም ትከሻ ከታየሽ እንደዚያው። ማታ ደግሞ የውስጥ መብራት ሲበራ። ጥቁር መስታወት ካለው ሰው አለበት ብለሽ እለፊ። ትራፊክ ሲጨናነቅ የቆመ ታክሲ ግን የባሰ ነው፣ ተሳፋሪው መሐል መንገድ ላይ «እዚሁ ልውረድ» ይላል። በተለይ በቆመ መኪናና በእግረኛ መንገዱ መሐል ሾልኮ ማለፍ ያጓጓል። ጋቢና የተቀመጠው ሰው የሚወርደው በዚያ በኩል ነው። እኔ እዚያ ብስክሌቴን እየገፋሁ ካልሆነ አልገባም። ደወል? መስታወት ዘግቶ ሙዚቃ ለከፈተ ሰው ደወል ምን ያደርጋል።

ባለቤትሽ መኪና እንደሚነዳ ጠቅሰሻል። ይህችን አንብቢለት። በሩን በቅርቡ እጁ ሳይሆን በሩቁ እጅ ይክፈት። መሪው በግራ ከሆነ በቀኝ እጁ ማለት ነው። ሩቁን እጅ ስትዘረጊ ትከሻሽ ራሱ ይዞራል። ዓይንሽ በስፖኪዮው አልፎ ወደ ኋላ ይሄዳል። ፈረንጆቹ «ደች ሪች» ይሉታል። እ.ኤ.አ. በ2022 የተሻሻለው የብሪታንያ ደንብም ይህንኑ ይመክራል። ጥፋቱ የማን ነው ለሚሉት ደግሞ፣ እ.ኤ.አ. በ1968 ቪየና ላይ የተፈረመው የመንገድ ትራፊክ ስምምነት ሌላውን አደጋ ላይ እንደማይጥል ሳያረጋግጡ በር መክፈትን ይከለክላል። ልጆች ካሏችሁ በትራፊኩ በኩል ያለውን የኋላ በር የልጆች መቆለፊያውን አብሩትና ሁሌም በእግረኛው በኩል ይውረዱ።

እኔም መኪና እነዳለሁ፣ ንጹሕ አይደለሁም። ጣቴ ከዳነ ከወራት በኋላ፣ ስልክ እያወራሁ በሩን ስከፍት አንዲት ልጅ በብስክሌት እሪ ብላ አለፈችኝ። አፈርኩ። በማግስቱ የበሩ እጀታ ላይ ቀይ ክር አሰርኩበት። ግራ እጄ ክሩን በነካ ቁጥር እየመለስኩት፣ ቀኝ እጄ ሳላስበው መሄድ እስኪጀምር ሦስት ሳምንት ያህል ፈጀብኝ። ለባለቤትሽም ክር እሰሪለት።

የበሩን ልኬት ስትሞክሩ ስንት እንዳገኛችሁ እዚህ ጻፊልን። ባለ ሁለት በር መኪና ከሆነ በሩ ይረዝማል፣ እኔ ካልኩት ላይ ጨምሩበት።