ቀጭን ሆኜ ስኳሬ ከፍ ያለው በአየሩ ይሆን ላልሽው

እህቴ፣ «ቀጭን ነኝ፣ ጣፋጭ አልነካም፣ ግን በባዶ ሆዴ 112 ወጣ። ቤቴ መኪና የሚበዛበት መንገድ ዳር ነው፣ ከአየሩ ይሆን?» ብለሻል። እኔም እንዳንቺው ነበርኩ። የኔ 118 ነበር። ይህንኑ ጥያቄ ለሐኪም ሳነሳ ሳቀብኝ። «ጭስ የሚጎዳው ሳንባ ነው፣ አንቺ ምግብሽን ቀንሺ» አለና ቀጣዩን ታካሚ አስጠራ። እስካሁን ያንገበግበኛል።

1. ነገሩ ተረት አይደለም። በመኪና ጭስ ውስጥ ያለው፣ ፒኤም 2.5 የሚሉት ብናኝ ከ2.5 ማይክሮሜትር አይበልጥም፤ የጸጉር ዘለላ ከሃያ እጥፍ በላይ ይወፍረዋል። አፍንጫ አያስቀረውም፣ ሳንባ ጥግ ድረስ ይዘልቃል። እዚያ ያሉት ጠባቂ ሕዋሳት ሊውጡት ሲታገሉ ብግነት የሚቀሰቅሱ ኬሚካሎች ይለቃሉ። እነዚህ በደም ተጉዘው ጉበት፣ ጡንቻና ስብ ጋ ይደርሳሉ። ከዚያ በኋላ ሕዋሱ ስኳርን ከደም ወደ ውስጥ እንዲያስገባ የሚያዘውን ኢንሱሊንን እንደ ድሮው አይሰማም፣ ስኳሩም ደም ውስጥ ይቀራል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 የዚህን ብናኝ የዓመት አማካይ ገደብ በሜትር ኩብ ከ10 ወደ 5 ማይክሮግራም ያወረደው ወዶ አይደለም። ግን ያንቺ ስኳር የመጣው ከአየሩ ነው ብሎ የሚለይ ምርመራ የለም። ዘር አለ፣ እንቅልፍ ማጣት አለ፣ ቁጭ ብሎ መዋል አለ።

2. የቤትሽን አየር የሚያጸዳ ማሽን ስትገዢ መጀመሪያ ጀርባውን አስከፍቺ። እኔ የተቃጠልኩት እዚህ ላይ ነው። «አየር ማጽጃ» ተብሎ ሰማያዊ መብራት ያለው፣ ድምፅ የሌለው ነገር ገዛሁ። አምስት ወር ራስጌዬ አድርጌው ተኛሁ። ማጣሪያውን ልቀይር ብዬ በካቻቪቴ ብፈታው ማጣሪያ የሚባል ነገር የለም! አንዲት ማራገቢያና ሁለት ሽቦ፣ በቃ። ጠዋት ጠዋት «ንጹሕ» እያልኩ የምስበው ሽታ ለካ ኦዞን ነው፤ እሱ ራሱ ሳንባ የሚያስቆጣ ጋዝ። ልመልሰው ብሄድ ሻጩ «ፈትተሽዋል፣ ዋስትናው ቀርቷል» አለኝ። ሳልፈታውማ በምን ልወቅ? ሄፓ የተጻፈበትን ፈልጊ፣ 0.3 ማይክሮሜትር የሆነውን ብናኝ 99.97 በመቶ የሚይዘውን። ለክፍልሽ ስፋት የሚበቃ መሆኑንም አረጋግጪ። በኋላ የገዛሁት ማሽን ማጣሪያ ሲገባ ነጭ ነበር፣ በሦስት ወሩ ከሰል መስሎ ወጣ።

3. ስፖርት እንዳታቆሚ። እኔ መኪና በሚጨናነቅበት ሰዓት አስፋልት ዳር እሮጥ ነበር፣ ጅል! አሁን ወደ ውስጥ መንገድ ገብቻለሁ። ተራው የሕክምና ማስክ ብናኙን በጎን ስለሚያስገባ አትመኪበት።

አሁን 97 ነኝ። ማሽኑ አወረደልኝ አልልም፣ በዚያው ሰሞን እራቴን ቀንሻለሁ፣ እንቅልፌም ተስተካክሏል። አንቺም በአንድ ቀን ቁጥር አትደንግጪ፣ የሦስት ወሩን አማካይ የሚያሳየውን ኤዋንሲ አስመርመሪ። እኔ ያንን ጥቁር ማጣሪያ በፌስታል ይዤ እዚያው ሐኪም ጋ ተመለስኩ። ይቅርታ አላለኝም። ግን አልሳቀም፣ ወረቀቱን ሳብ አድርጎ ኤዋንሲ አዘዘልኝ።