የሙዚቃ ተማሪ በሰው አገር፦ የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ጥያቄ፦

የተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፣ ተወልጄ ያደግሁት በድሬዳዋ ከተማ ሳቢያን ሰፈር ነው። በአዲስ አበባ በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ፒያኖ ተምሬ ከጨረስሁ በኋላ፣ በጀርመን አገር የሚገኝ አንድ የሙዚቃ ዩኒቨርሲቲ የሚሰጠውን የመግቢያ ፈተና አልፌ ዘንድሮ ትምህርት ጀምሬአለሁ። የክፍል ጓደኞቼ አብዛኞቹ ፒያኖ የጀመሩት በአምስትና በስድስት ዓመታቸው ሲሆን፣ እኔ ግን እስከ 17 ዓመቴ ድረስ ከክራር በቀር የነካሁት መሣሪያ አልነበረም። ልዩነቱን ለማጥበብ ብዬ በቀን እስከ ስምንት ሰዓት እለማመዳለሁ፤ ከጥቂት ሳምንታት ወዲህም የቀኝ እጄን አንጓ እያመመኝ ነው። በጆሮ ሥልጠና ክፍለ ጊዜ መምህሩ የሚያሰማንን የኮርድ (በአንድነት የሚሰሙ ድምፆች) ቅብብሎሽ ሌሎቹ ወዲያው ሲጽፉት እኔ ይምታታብኛል፤ ጆሮዬ ለዚህ ያልተፈጠረ እየመሰለኝ መጥቷል። በዚህ ላይ ዘመዶቼ ቅዳሜና እሑድ በሐበሻ ሠርግ ላይ ኪቦርድ እየተጫወትህ ገንዘብ ላክ ይሉኛል። ዘግይቶ የጀመረ ሰው ሊደርስ ይችላልን? ልቀጥል ወይስ ልመለስ?

ከጀርመን አገር

መልስ፦

ወንድሜ፣ ከጥያቄዎችህ ሁሉ አስቀድሜ የማነሣው በደብዳቤህ መካከል በአንድ ዐረፍተ ነገር ጠቅሰኸው ያለፍኸውን የእጅህን ሕመም ነው። የፒያኖ ተጫዋች የአንጓ ሕመም ልምምድ በመጨመር የሚለመድ ነገር አይደለም። ጅማቶች ያለ ዕረፍት አንድ ዓይነት እንቅስቃሴ ሲደጋግሙ ይቆጣሉ፤ በተቆጣ ጅማት ላይ ልምምድ ሲደረብበት ደግሞ በጊዜው ቢያርፍ ቶሎ ይሽር የነበረው ሕመም ለወራት ከመሣሪያ ሊያርቅ ይችላል። ጀርመናዊው የሙዚቃ ደራሲ ሮበርት ሹማን በወጣትነቱ ላይፕሲግ ውስጥ ፒያኖ ሲያጠና የቀኝ እጁ ጣት ታውኮበት ተጫዋች የመሆን ምኞቱን ለመተው መገደዱን በሙዚቃ ታሪክ ክፍል ሳትሰማው አልቀረህም። ወደ ድርሰት ዞሮ ታላቅ ሰው ሆነ፤ ጣቱ ግን አልተመለሰለትም።

ስለዚህ ሕመሙን ነገውኑ ለመምህርህ ንገረው፤ ሐኪም ዘንድም ሂድ። ብዙ ተማሪዎች ይህን መናገር እንደ ድክመት የሚቆጠርባቸው እየመሰላቸው ይደብቃሉ። ጀርመኖች ግን የሙዚቀኛን ጤና ራሱን የቻለ የሕክምና ዘርፍ አድርገው ይዘውታል፤ ሃኖቨር ባለው የሙዚቃ ከፍተኛ ትምህርት ቤት ውስጥም ሙዚቀኞችን ብቻ የሚያክምና ሕመማቸውን የሚያጠና ተቋም አለ። በዚያ አገር ማንኛውም ተማሪ የጤና መድን እንዲኖረው ሕግ ስለሚያስገድድ፣ ወጪን ፈርተህ የምትዘገይበት ምክንያት የለም። እጅህ በሚያርፍበት ጊዜ ኖታውን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተህ በዓይንህ እያነበብህ፣ የባሱን (የዝቅተኛውን ድምፅ) መስመር በድምፅህ እያዜምህ፣ ዜማውን ደግሞ በውስጥህ እየሰማህ አጥናው፤ በዚህ መንገድ የተጠና ሥራ እጅ ከዳነ በኋላ በጥቂት ቀን ጣት ላይ ይገባል። ወደ መሣሪያው ስትመለስም ሰዓቱን ከፋፍለው። በድሬዳዋ ሥራችንን ለጧትና ለማታ ከፍለን የቀትሩን ወበቅ በዕረፍት እንደምናሳልፈው ሁሉ፣ አንተም በየ40 ደቂቃው ከወንበሩ ተነሥ፣ የቀኑንም ልምምድ በመካከሉ ረዘም ያለ ዕረፍት ባለው በሁለት ክፍል መድበው። በስምንተኛው ሰዓት ላይ ጣት እንጂ አእምሮ አይሠራም፤ በዚያን ጊዜ የሚደጋገመው ስሕተትም እንደ ትክክሉ ሥር ይሰዳል።

ዘግይቶ የጀመረ ሰው ሊደርስ ይችላልን ላልኸው፣ ፒያኖ ተጫዋቹን ግርማ ይፍራሸዋን ላስታውስህ። እርሱም እንዳንተ በልጅነቱ የተጫወተው ክራር ነበር፤ ፒያኖን ያገኘው በ16 ዓመቱ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ሲገባ ነው። ከዚያ ወደ ቡልጋሪያ ተሻግሮ ሶፊያ ከተማ ባለው ኮንሰርቫቶሪ ተማረ፤ ዛሬ የአውሮፓ ክላሲካል ሥራዎችንም በኢትዮጵያ ቅኝቶች ራሱ የደረሳቸውንም በዓለም መድረኮች ላይ ያቀርባል። ይህን ስል እያንዳንዱ ዘግይቶ የጀመረ ተማሪ እዚያ ይደርሳል ማለቴ አይደለም። መንገዱ እንዳልተዘጋ ግን ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አልፈልግም።

በስድስት ዓመቱ የጀመረ ልጅ የሚበልጥህ ተለይተው ሊታወቁ በሚችሉ ጥቂት ነገሮች ነው፤ ከእነርሱም ዋነኛው ኖታን አይቶ ወዲያው መጫወት ነው። ይህ ችሎታ ከባድ ሥራ በመደጋገም አይመጣም። በየቀኑ ለሩብ ሰዓት ያህል ከደረጃህ እጅግ የቀለሉ፣ አይተሃቸው የማታውቃቸውን ገጾች ሳታቆምና ስሕተትህን ለማረም ወደ ኋላ ሳትመለስ አንብብ። ከዚያ በተጨማሪ የድምፅ ተማሪዎችን እንድታጅብ ራስህን አቅርብ። ዘፋኝ ቆሞ ስለማይጠብቅህ ዓይንህ ከእጅህ ቀድሞ መሄድን ይማራል፤ ለአንድ ለባዕድ አገር ሰውም ከዚህ የተሻለ ወዳጅ የማፍሪያ መንገድ አላውቅም።

ስለ ጆሮህ ረዘም አድርጌ መጻፍ ይኖርብኛል፤ ራስህን አብዝተህ የበደልኸው እዚህ ላይ ነውና። ጆሮህ ሠልጥኗል፤ የሠለጠነበት ሥርዓት ግን ሌላ ነው። የትዝታን ቅኝት በሜጀር መልኩ ከዶ ብትጀምረው ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ይሆናል፤ ፋ እና ሲ የሉበትም። የአውሮፓ ሃርሞኒ (የኮርዶች አካሄድ) ደግሞ ወደ ማረፊያው የሚጓዘው በተለይ በእነዚህ ሁለት ድምፆች ኃይል ነው። ሶል፣ ሲ፣ ሬ፣ ፋ ተብሎ በሚገነባው ኮርድ ውስጥ ፋ እና ሲ ሦስት ሙሉ ድምፅ ተራርቀው፣ ጆሮ ዕረፍት እስኪናፍቅ ድረስ ይወጠራሉ፤ ከዚያም ሲ ግማሽ ድምፅ (በፒያኖ ላይ እስከሚቀጥለው ቁልፍ ያለውን ርቀት) ወጥቶ ዶ ላይ፣ ፋ ግማሽ ድምፅ ወርዶ ሚ ላይ ሲያርፍ ውጥረቱ ይፈታል። ጓደኞችህ ይህን ስበት በሕፃናት መዝሙር ሳይቀር እየሰሙት አድገዋል፤ ስለዚህ ኮርዱ ሳያልቅ የሚቀጥለውን ያውቁታል። በትዝታ ያደገ ጆሮ ግን ያንን ውጥረት ሳይሻ ዜማውን ስለሚፈጽም፣ ቅብብሎሹ ሲመጣ የሚይዘውን ቢያጣ የሚያስገርም አይደለም።

ነገር ግን የባቲን ቅኝትም ታውቃለህ። ባቲ በሜጀር መልኩ ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ ነው፤ ከሚ ወደ ፋ፣ ከሲም ወደ ላይኛው ዶ ያለው ርቀት ግማሽ ድምፅ ነው። ስለዚህ የምትፈልገው ስበት በልጅነትህ በክራር በተቃኘህበት ቅኝት ውስጥ ተቀምጦልሃል። ባቲን በዝግታ አዚም፤ ሲ ላይ ስትደርስ ቆም ብለህ ከዶ በፊት ያለውን ናፍቆት አድምጥ፤ ከፋ ወደ ሚ ስትወርድም እንዲሁ አድርግ። ይህን ከለመድህ በኋላ በአንድ የግራ እጅ ጣት ከሥር መጀመሪያ ሶልን፣ ቀጥሎ ዶን አሰማበት፤ በክፍል ውስጥ የሚያምታታህን ቅብብሎሽ በራስህ ድምፅ ሠርተኸዋል ማለት ነው። ከአምባሰልም እንዲሁ ትማራለህ። ዶ፣ ሬ ቤሞል (በግማሽ ድምፅ የወረደ ሬ)፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ቤሞል ሲሆን፣ ከላ ቤሞል ወደ ሶል የሚደረገው መውረድ በአውሮፓ ማይነር ሙዚቃ ውስጥ ደጋግመህ የምታገኘው ነው። ክራር በጆሮ ስለሚቃኝ ርቀቶቹ ከፒያኖው እኩል ክፍፍል ጋር ሁልጊዜ አይገጥሙም፤ አንዳንድ የፒያኖ ድምፅ ጥቂት የሳተ ቢመስልህ የጆሮህን ንቃት እንጂ ድክመቱን አያሳይም። ደግሞስ አፍረን ቀሎ የሙዚቃ ቡድን በተመሠረተባት፣ ዓሊ ቢራ በኦሮምኛ፣ በሐረሪኛ፣ በሶማሊኛ፣ በአማርኛና በዐረብኛ ባዜመላት ከተማ ያደገ ሰው፣ ከአንድ የዜማ ሥርዓት ወደ ሌላው መሻገር እንዴት ይሳነዋል?

ስለ ሠርጉ ሥራ ሁለት ነገር እመክርሃለሁ። የመጀመሪያው ሕግ ነው። በጀርመን ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የመጣ ተማሪ እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ በዓመት 140 ሙሉ ቀን ወይም 280 ግማሽ ቀን ተቀጥሮ መሥራት ይፈቀድለታል፤ በሠርግ ላይ ተጫውቶ ክፍያ መቀበል ግን እንደ ግል ሥራ ስለሚቆጠር፣ ከውጭ አገር ዜጎች ጉዳይ ቢሮ የተለየ ፈቃድ ይጠይቃል። ሳትጠይቅ ጀምረህ የመኖሪያ ፈቃድህን አደጋ ላይ አትጣል። በዩኒቨርሲቲው ውስጥ በተማሪ ረዳትነት የሚሠራ ሥራ ከተወሰነው የቀን ቁጥር ውስጥ አይገባም፤ በቅድሚያ እርሱን ፈልግ። ሁለተኛው ያው እጅህ ነው፤ የታመመ አንጓ እስከ ንጋት ኪቦርድ አይጫወትም። ዘመዶችህ አውሮፓ የገባ ሰው ሁሉ ገንዘብ የተረፈው ስለሚመስላቸው በቁጥር አስረዳቸው። ለቪዛ በተዘጋ (በየወሩ የተወሰነ ገንዘብ ብቻ በሚወጣበት) የባንክ ሒሳብ እንዲታይ የሚጠየቀው 11,904 ዩሮ ለ12 ወር ሲካፈል በወር 992 ዩሮ ነው፤ ኪራይ፣ መድንና ምግብ ሁሉ የሚሸፈነው ከዚህ ነው። በግልጽ የተነገረው ዘመድ መጀመሪያ ቢከፋውም ኋላ ይረዳሃል።

ልመለስ ወይ ላልኸው ደግሞ፣ በታመመ እጅና በአውሮፓ ክረምት ወር እንዲህ ያለ ውሳኔ እንዳትወስን አጥብቄ እለምንሃለሁ። በታኅሣሥ ወር በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ፀሐይ በምትጠልቅበት አገር፣ መስኮት በሌለው የመለማመጃ ክፍል ብቻውን የሚውል የድሬ ልጅ ልቡ ቢከብደው ተፈጥሮ ነው። ቀን ብርሃን ሳለ ውጣና ተራመድ። እጅህ ድኖ የመጀመሪያውን የዓመት ፈተና እስክትቀመጥ ቀጥል፤ ከዚያም መምህርህን ፊት ለፊት «እንዴት ታየኛለህ?» ብለህ ጠይቀው። እኔ በበኩሌ እንድትቀጥል እፈልጋለሁ።

ጥያቄ፦

ልጄ በቪየና የድምፅ ሙዚቃ ትማራለች። ፈተና በቀረበ ቁጥር ስልክ ብደውልላት አታነሣም፤ «እማዬ፣ ድምፄን እያሳረፍሁ ነው» ብላ በጽሑፍ ብቻ ትመልስልኛለች። ታማ ይሆን ወይስ ተለውጣብኝ? ደግሞስ በርበሬና ሽሮ ስልክላት ድምፅ ያበላሻል የሚሉኝ አሉ።

እናት፣ ከድሬዳዋ ከዚራ

መልስ፦

እኅቴ፣ ልጅዎ እውነቷን ነው። የዘፋኝ መሣሪያ በጉሮሮ ውስጥ ያሉ ሁለት ትንንሽ እጥፋቶች ናቸው፤ የሙዚቃ ባለሙያዎች መሣሪያ የሚያስተካክሉበትን ላ ስታዜም እነዚያ እጥፋቶች በአንድ ሴኮንድ 440 ጊዜ ይርገበገባሉ። እንግዲህ አንድ ሙሉ የመድረክ ሥራ ምን ያህል እንደሚያደክማቸው ይገምቱት። የፒያኖ ተማሪ ረጅም ሰዓት ሊለማመድ ሲችል፣ የድምፅ ተማሪ ግን አጭር ሰዓት ዘምራ የቀረውን ጊዜ የጣሊያንኛ፣ የጀርመንኛና የፈረንሳይኛ ግጥሞችን በማጥናትና ኖታ በማንበብ ታሳልፈዋለች። በስልክ ማውራት፣ በተለይም በጎዳና ጫጫታ መካከል ሲሆን፣ ሳይታወቅ ድምፅን ከፍ ስለሚያስደርግ ከመድረክ በፊት ዘፋኞች ይታቀቡበታል። ሊያሳስብዎ የሚገባው ድምፅዋ ሻክሮ ከሦስት ሳምንት በላይ ከቆየ ነው፤ ያን ጊዜ የጉሮሮ ሐኪም እንድታይ ይንገሯት።

በርበሬውንም ሽሮውንም ይላኩላት። የሚያቃጥል ምግብ በማታ ሲበዛ በአንዳንድ ሰው ላይ የጨጓራ አሲድ ወደ ጉሮሮ እየወጣ ድምፅን ያሻክራል፤ ስለዚህ በመድረክ ዋዜማ ታሳንሰዋለች እንጂ አትተወውም። ቪየና በክረምታቸው ከእኛ በሁለት ሰዓት፣ በበጋቸው ደግሞ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ስለሆነች፣ እርስዎ ማታ ከሦስት ሰዓት በኋላ ሲደውሉ እርስዋ ገና ከልምምድ እየወጣች ሊሆን ይችላል። የፈተናዋን ቀን አስቀድመው ይጠይቋትና በዚያ ሳምንት በስልክዎ ድምፅ ቀድተው ይላኩላት፤ እርስዋ ዝም ብላ ትሰማዎታለች፣ መልሱንም ከፈተናው በኋላ በረጅሙ ታወራዎታለች።