መልስ፦ ማሪዮ ቴኒስ ላይ ሽንፈት ለበዛበት

ወንድሜ፣ በእጅ በሚያዘው የጨዋታ መሣሪያህ በጌም ቦይ ከለር ማሪዮ ቴኒስን ስትጫወት ሲኒየር ክፍል ላይ ለምን እንደምትሸነፍ ጠይቀሃል። ይህ የ2000 ጨዋታ ከቴኒስነቱ ይልቅ ተማሪ ቤትነቱ ያመዝናል፤ ከገጸ ባሕርያቱ አሌክስን ወይም ኒናን ይዘህ አካዳሚ ገብተህ ክፍል በክፍል የምትወጣበት ነው። ልምድ አከማችተህ ደረጃህ ከፍ ባለ ቁጥር ጉልበት ብቻ አትጨምር፤ ፍጥነት የሌለው ተጫዋች ኳሷን በዓይኑ ይሸኛታል። የጌም ቦይህ ስክሪን የራሱ ብርሃን ስለሌለው ደግሞ ማታ አትታገለው፤ ባሕር ዳር ፀሐይ መቼ ጠፍቶ! ጣና ዳር ወጣ ብለህ ተጫወት። የ«A» ቁልፍን ከዚያ የ«B» ቁልፍን ስትጫን ኳሷ ከፍ ብላ በተጋጣሚህ አናት ላይ ታልፋለች፤ «B»ን አስቀድመህ «A»ን ብታስከትል መረቡ ሥር ጠብ ትላለች። መረብ ላይ ተለጥፎ የሚያስቸግርህን በመጀመሪያው ቅጣው።