መልስ፦ ቦክሰኛው ሌኖክስ ሉዊስ ሪዲክ ቦውን ያሸነፈው መቼ ነው?

ሉዊስ ቦውን በሁለተኛው ዙር እንዳሸነፈ አንብበው ውጤቱን በሁለቱም የፕሮፌሽናል መዝገብ ውስጥ እንዳጡት ጽፈውልኛል፤ ያጡትም ግጥሚያው የአማተር ስለነበረ ነው። የተካሄደውም እ.ኤ.አ. በ1988 በሴኡል ኦሎምፒክ፣ ከ91 ኪሎ ግራም በላይ በሆነው ምድብ ፍጻሜ ላይ ሲሆን፣ ሉዊስ ያኔ የተወዳደረው ለካናዳ ነበር። በፕሮፌሽናልነት ግን ሁለቱ ፈጽሞ አልተጋጠሙም።

ለግጥሚያው በጣም የተቃረቡት በ1992 ነው። በጥቅምት ወር ሉዊስ ለንደን ላይ ሬዘር ሩዶክን በሁለተኛው ዙር ዘርሮ የዓለም ቦክስ ምክር ቤትን ቀበቶ ለያዘው ሻምፒዮን ተፋላሚ የመሆን መብት አገኘ፤ በቀጣዩ ወር ደግሞ ቦው ኢቫንደር ሆሊፊልድን በነጥብ አሸንፎ ሻምፒዮን ሆነ። ሆኖም በገንዘቡ ክፍፍል ላይ ሊስማሙ ስላልቻሉ፣ ቦው በታኅሣሥ ወር እዚያው ለንደን በጋዜጠኞች ፊት ቀበቶውን ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ከተተው፤ ምክር ቤቱም ክብሩን ያለ ግጥሚያ ለሉዊስ ሰጠ። ቦው የ25፣ ሉዊስ የ27 ዓመት ወጣቶች ስለነበሩ፣ በእኔ እምነት በዚያ ዘመን ከባድ ሚዛን ካጣቸው ግጥሚያዎች ሁሉ የሚያስቆጨው ይህ ነው። ከዚያ በኋላ ቦው በ1993 በሆሊፊልድ፣ ሉዊስም በ1994 በኦሊቨር ማኮል መሸነፋቸው ነገሩን ይበልጥ አራቀው።

አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር። የቆዩ የቦክስ ዜናዎችን ሳገላብጥ ደጋግሜ እንዳየሁት፣ ሁለት ቦክሰኞች ለመጋጠም «ተስማሙ» የሚለው ዜና ውል ተፈረመ ማለት አይደለም፤ ስለዚህ ቀኑንና ቦታውን ከውጤት መዝገቡ ጋር ሳያመሳክሩ ግጥሚያው ተካሂዷል ብለው አይጻፉ።